«ቱሪ» ባዩ ጋሽ ገመዳ

ጋሽ ገመዳ ማረፋቸውን የነገረኝ ከአርሲ ነገሌ ስንዴ ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ ከድር ነው። አህዮቹን ደጄ ላይ አቁሞ፣ የጋቢውን አቧራ አራግፎ፣ የመንገድ ወሬ እንደሚያወራ ሰው «እማማ የሺ፣ ኦቦ ገመዳ አረፉ እኮ» አለኝ። ሰው መርዶ ሲሰማ ደረቱን ይደቃል፣ ይጮኻል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «ቱሪ» የሚል ቃል ነው። ከድር የኦሮሞ ልጅ ነውና «ቆይ» ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፤ ምኑን እንደሚቆይ ግን አልገባውም። ደጃፌ ካለው ግራር ሥር ተቀመጠና ውሃ ጠየቀኝ።

እኔ አዳማ የገባሁት ከጣሊያን በፊት ነው። ከተማዋ ገና ናዝሬት አልተባለችም፤ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ራቅ ካሉ ያለው ግራርና ነፋስ ብቻ ነበር። የቡልጋ ልጅ ነኝ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ሴት ናት ሳይሉ ዳዊት አስደግመውኛል። ባለቤቴ በንዳድ ሲሞትብኝ የቀረችኝ አንዲት ጎጆ ነበረች፤ እሷም ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪካዊ ነጋዴ ካሠራው ወፍጮ ቤት ጀርባ የነበረችው ናት። እዚያ ጠላ እጠምቃለሁ። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞችና ከሁሩታ እህል ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ተራ እስኪደርሳቸው ይጠጣሉ። ከጎጆዬ ራስጌ ደግሞ የሙሴ ያኒ ማማ ቆሟል። ከድንጋይ የተገነባ ረጅም ማማ ነው፤ ጫፉ ላይ ለወፍጮው ሞተር ውሃ የሚይዝ ትልቅ የብረት ጋን ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ጥላው ጎጆዬን አልፎ ይሄድ ነበር።

ማማው የቆመበት መሬት ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ሙሴ ያኒ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣና ማማውን የሚጠብቅ ሰው ፈለገ። የተገኙት ጋሽ ገመዳ ናቸው።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን ትንሽ ጋደድ ያደርጓታል፣ ይህን ያህል ቀጥ ያለ ነገር የሚወድ ሰው ባርኔጣው እንዲህ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲህ ሲዘረጋ ከለኪዎቹ ጋር እየዞሩ ሙያውን ተምረዋል፤ ፈረንሳይኛም ይሰባብራሉ። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ሙሴ ያኒን «አንተ» የሚሉት ሠራተኛ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠላዬን ግን አይቀምሱም፤ ብርዝ ነው የሚጠጡት፣ እሱንም ቆመው።

መሣሪያቸው ውሃ ልክ ነው። ዛሬ ግንበኛ ሁሉ በኪሱ ይዞት የሚዞረውን ዓይነት አይደለም። ክንድ የሚያህል፣ በናስ የተለበጠ፣ መሃሉ ላይ የመስተዋት ቱቦ ያለው ነው። በመስተዋቱ ውስጥ እንደ አረቄ ያለ ፈሳሽ ተሞልቶ አንዲት አረፋ ቀርታበታለች። ማማው የፀጉር ያህል ካዘመመ አረፋዋ ከመሃል ትሸሻለች። ማንም ወደ መሣሪያዋ ሲጠጋ ጋሽ ገመዳ እጃቸውን ዘርግተው «ቱሪ! ቱሪ!» ይላሉ። በእኛ አማርኛ በ«ኢ» የሚያልቅ ትእዛዝ ለሴት ነው፤ ስለዚህ ከደጋ የመጣነው ሁሉ «ቱሪ» የአረፋዋ ስም መሰለን። ለሰው ሳይሆን ለእሷ የሚናገሩ መሰለን። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ «ቱሪ ዛሬ እንዴት አደረች?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። እሳቸውም ሳያርሙኝ «ደኅና አድራለች» ይሉኝ ነበር።

መሣሪያዋ ከጣቢያ የመጣችበትን ቀን የአዳማ ሰው ለብዙ ጊዜ ሲስቅበት ኖሯል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ፀሐዩም የአዳማ ፀሐይ። ጋሽ ገመዳ መሣሪያዋን በገለባ በተሞላ ሣጥን አስቀምጠው፣ ሣጥኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው በዝግታ ይራመዳሉ። አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ከኋላ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግቶ ይከተላቸዋል። ጃንጥላው ግን ለእሳቸው ሳይሆን ለሣጥኑ ነው፤ የእሳቸው ጀርባ በላብ ርሷል። ከገጠር የመጡ ሴቶች በነጭ የተጠቀለለ ነገርና ከላዩ የተዘረጋ ጥላ ሲያዩ ምን ያስቡ? አንዷ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ሌላዋ እልል አለች። ወንዶቹ ነጠላቸውን አጣፉ። ጋሽ ገመዳ መቆም አይችሉም፣ እጃቸውንም ማንሳት አይችሉም፤ ያላቸው አፋቸው ብቻ ስለሆነ «ቱራ! ቱራ!» ይላሉ። ሕዝቡ ቆዩ መባሉን አልተረዳም፤ ጭራሽ ተከተላቸው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ከኋላቸው ያለው ሰው የጥምቀት ሰው መስሏል። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ልጄ፣ ቱራ የማን ታቦት ናት?» አሉኝ።

ወሬው የሰበካው ቄስ ዘንድ ደረሰና ተቆጥተው መጡ። ጋሽ ገመዳ ሣጥኑን ከፍተው፣ ጨርቁን ገልጠው አሳዩአቸው። ቄሱ አጎንብሰው አረፋዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣

«ለዚህች ነው ጃንጥላ? ለምን ለራስህ አትይዘውም?» አሏቸው።

«አባ፣ እኔ ፀሐይ ቢመታኝ አልጣመምም» አሉ ጋሽ ገመዳ።

ቄሱ መጀመሪያ ሊቆጡ ፈለጉ፤ አልቻሉም፣ ሳቃቸው ቀደማቸው።

ፀሐይ መሣሪያዋን ምን እንደሚያደርጋት የገባኝ ግን ኋላ ነው፣ ያውም ደንግጬ። መጀመሪያ ጋሽ ገመዳ ውሃ ልኳን በማማው የውጭ ግድግዳ ላይ በብረት አሰሯት። በአራቱም ማዕዘን ጥፍር አድርገው አሰሯት፤ ማንም ሊያነቃንቃት አይችልም ብለውም ኮሩ። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ጠጪዎቼ ሊያዩ ወጡና እየሮጡ ተመለሱ። አረፋዋ ከመሃል ሸሽታ ጥግ ልትደርስ ነው። «የሺ፣ ማማው ወዳንቺ ቤት እየመጣ ነው!» አሉኝ። እኔ ምን ልሁን? ያለችኝ ያቺው ጎጆ ናት። ምንጣፌን ጠቀለልኩ፣ ዕቃዬን በአንሶላ ቋጠርኩ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ወጣሁ። ደጃፌ ላይ ጋሽ ገመዳ ቆመዋል።

«ቱሪ» አሉኝ።

«ቱሪማ ሸሽታለች!» አልኳቸው እያለቀስኩ።

ያን ጊዜ ነው የሳቁትና ነገሩን የነገሩኝ። «ቱሪ ማለት ስሟ አይደለም፤ ቆይ ማለት ነው። አንቺን ነው የምልሽ። እስከ ጠዋት ቆይ። ጠዋት አሁን ያለችበት ካገኘናት ዕቃሽን እኔ እሸከማለሁ።»

ዕቃዬ እንደተቋጠረ አደረ። ጎህ ሲቀድ ጠሩኝ። ወደ መሣሪያዋ ስጠጋ በነጠላዬ አፌን አስሸፈኑኝ፤ ትንፋሽ ይሞቃል። እጄንም ወደ ኋላ አስያዙኝ። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ሳያፍሩ። «ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። እኔ መለጠጫ ሳልተውላት ጥፍር አድርጌ አሰርኳት፤ ታዲያ ምን ታድርግ? ተጣመመች። አረፋዋም ወደ ሞቀው ጫፍ ትሳባለች፤ ማማውም ቢሆን ፀሐይ የመታው ጎኑ ሲያብጥ በመጠኑ ወደ ሌላው ይጎነበሳል። ሁሉም በየፊናው ይንቀሳቀሳል። ድንጋዩ፣ ናሱና ውሃው አንድ ዓይነት ሙቀት ሲይዙ ብቻ ነው እውነቱ የሚታየው። እስኪታረቁ ነው ቱሪ የምልሽ።»

በዚያው ቀን ከብረቱ ፈቷት። በማማው ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል፣ የድንጋይ መደርደሪያ አሠሩላት። ሦስት አጫጭር እግሮች ሰጧት። አንደኛው እግር በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይቆማል፣ ሁለተኛው በቀጭን ቦይ ውስጥ፣ ሦስተኛው በለስላሳ መስተዋት ላይ እንዲሁ። «አንዱ እግሯ ቦታዋን ይይዝላታል፣ አንዱ መንገዷን፣ አንዱ ደግሞ ነፃ ነው። ስትሞቅ ትዘረጋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች፤ ማንም አይጠመዝዛትም» አሉኝ። ከላይዋ በገለባ የተሞላ የእንጨት ክዳን አደረጉላት፤ ለማያ ብቻ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ። እኔ እንግዲህ ስንት ዓመት በባለቤቴ ዘመዶች ትእዛዝ ታስሬ የኖርኩ ሰው፣ ስለ አንድ መሣሪያ እግር ሲነገረኝ ለምን ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። በኦሮምኛቸው «አካም ቡልቴ፣ የሺ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀውኝ ወደ ማማው ይገባሉ። አንድ ጊዜ አይተው አያምኑም፤ መሣሪያዋን ጫፍና ጫፏን አዙረው፣ ከእጃቸው ሙቀት እስክትበርድ ጠብቀው፣ ደግመው ያያሉ። የታየው ጥፋት የመሣሪያዋ ከሆነ አብሯት ይዞራል፤ የማማው ከሆነ ባለበት ይቀራል። ይህን ነገር በሰውም ላይ ያደርጉት ነበር። ሁለት ጠጪዎች ሲጣሉ «ገና አልበረዱም፣ ቱራ» ብለው ሽማግሌ አያስቀምጡም። አንድ የጉምሩክ ጸሐፊ ሊያገባኝ በየማታው እየመጣ ማር ሲቀባኝ፣ ጋሽ ገመዳ ብርዛቸውን ጨልጠው «ይሄንን ሰውዬ ጠዋት እይው» አሉኝ። ጠዋት መንገድ ላይ አገኘሁት። እንኳን ሊያገባኝ ሰላምታም አልሰጠኝ። ተናድጄ ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ፤ ለእኔ ግን ሳቅ አልነበረም።

የወፍጮ ቤቱም ሰው የእሳቸውን ነገር ለምዶት ነበር። ከሰዓት በኋላ አረፋዋ ትንሽ ብትንፏቀቅ ማንም አይደነግጥም። «ፀሐይ ነው» ይላል ሁሉም። ሙሴ ያኒም በተሰባበረ አማርኛው «ፀሐይ ነው፣ ቱሪ» ማለት ተምሮ እንቅልፉ ተመለሰለት።

ከዚያ ያ ክፉ ክረምት መጣ። ዝናቡ ሌትና ቀን ወረደ፤ ከማማው ሥር ያለው ቦይ ሞልቶ መሬቱን ላሰው። ጳጉሜን ሲገባ ጋሽ ገመዳ ዝም ያሉ ሰው ሆኑ። ጠዋት ገብተው ይቆያሉ፣ ሲወጡ ሰላም አይሉኝም። የመሣሪያዋን እግሮች አጠቡ፣ ክዳኑን አደረቁ፣ አዙረው አዩ፣ መልሰው አዙረው አዩ። ምን ሆኑ ስላቸው «ገና ነው» ይሉኛል። ያላጣሩትን ነገር ለሰው አይነግሩም። እኔም ለመስቀል የምጠምቀው ጠላ ነበረኝና ብዙ አልጠየቅኋቸውም።

በመስቀል ሰሞን ከሙሴ ያኒ ጋር ሲነጋገሩ ከጎጆዬ ሆኜ ሰማሁ። ደጁ ሊያስፈጩ በመጡ አህዮች ተሞልቷል።

«ሙሴ፣ የማማውን ጋን ባዶ አድርገው። ውሃው ይፍሰስ፣ ማማው ይቅለለው።»

«ውሃ ከሌለ ሞተር የለም። ሞተር ከሌለ ወፍጮ የለም። ሕዝቡን አታይም?»

«አረፋዋ ከመሃል ለቃለች።»

«ፀሐይ ነው! አንተ ራስህ አይደለህ ፀሐይ ነው ያልከኝ?»

«የፀሐይ ጥፋት ጠዋት ይመለሳል። ይሄ አልተመለሰም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደ ነው።»

ሙሴ ያኒ ትከሻቸውን ነካ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጨነቀ ሰው ነበር። «ቱሪ፣ ገመዳ» አለ። «መስቀል እስኪያልፍ ቱሪ።»

ጋሽ ገመዳ የራሳቸው ቃል በዚያ መንገድ ሲመለስላቸው ያየሁት ያኔ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ቆዩ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ አሁን አትቆዩ ቢሉ ማን ይስማቸው? ወደ እኔ መጡና «የሺ፣ ዛሬ ሌላ ቤት እደሪ፤ ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ላጣራና ቁርጡን እነግርሻለሁ» አሉኝ። ጎረቤት አደርኩ። ጠላው ግን ሰው አይደለም፣ አያድርልኝም፤ ጎህ ሳይቀድ ተመልሼ የጠላዬን ጋን ልከፍት ጎጆዬ ገባሁ።

ጠዋቱ ደመናማ ነበር። ፀሐይ የሚባል ነገር የለም፤ ቀዝቃዛ፣ ነፋስ የሌለበት ጠዋት። ጋሽ ገመዳ ወደ ማማው ሲገቡ አየኋቸው። ወዲያው፣ ሳይቆዩ፣ ሳያዞሩ፣ እየሮጡ ወጡ። ጋሽ ገመዳ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ባርኔጣቸው ወደቀች፣ አላነሷትም።

«ካኢ! ካኢ! ተነሺ፣ ውጪ!»

እኔ በርከክ ብዬ የጋኑን አፍ እየከፈትኩ ነበር። ይሄ ሁሉ ጠላ ለመስቀል የጠመቅሁት ነው፣ በአንድ እጅ አይወጣ። ደግሞም እሳቸው ናቸው፤ ሁልጊዜ የሚቀልዱብኝ ሰው። ቀና ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣

«ቱሪ፣ ጋሽ ገመዳ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁ። እጃቸውንም አየሁ፤ ባዶ ነበር። ሣጥኑን አልያዙም። ለዚያች መሣሪያ ጃንጥላ ይዘው ራሳቸው በፀሐይ የተቃጠሉ ሰው፣ ትንፋሽ እንዳይነካት አፋቸውን የሚሸፍኑ ሰው፣ ውስጥ ትተዋት ወጥተዋል። ልቤ ምን እንደሆነ የገባው በዚያ ባዶ እጅ ነው። ክንዴን ጨብጠው ጎተቱኝ። እኔ ጋኑን ይዤ ነበር፤ ጋኑ ተገለበጠ፣ ጠላው እግራችን ላይ ፈሰሰ፣ እየተንሸራተትን ከደጁ ወጣን። የአህያ ነጂዎቹ ከተሰለፉበት ግራር ጋ ስንደርስ ከኋላችን መጀመሪያ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ዞሬ ሳይ ጎጆዬ የለችም። ድንጋይ፣ የብረት ጋን፣ ውሃ፣ አቧራ። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች በወዲያኛው በኩል ስለነበሩ አንድም ሰው አልተነካም። ሙሴ ያኒ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ጋሽ ገመዳ አቧራው ሲቆም ፍርስራሹ ላይ ወጥተው ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ። የናሱን ዕቃ አገኙት፤ ተጨፍልቋል። መስተዋቱ ዱቄት ሆኗል። አረፋዋ የነበረችበት ፈሳሽ አፈሩ ላይ ትንሽ እርጥበት ትቶ ወዲያው ደረቀ። ጣታቸውን እርጥበቱ ላይ አሳረፉና አሸተቱት። እኔ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ። ለጎጆዬ ይሁን ለመሣሪያዋ ይሁን ለእሳቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙሴ ያኒ ገበያው አጠገብ ሌላ ቤት አሠራልኝ። ማማውን ግን እዚያው ቦታ፣ በቶሎ መልሶ ሊያቆም ፈለገ። ጋሽ ገመዳ መሬቱ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይይ፣ ይረፍ አሉ። አልተስማሙም። ሌላ መሣሪያ ከውጭ አስመጣልሃለሁ ቢላቸውም እምቢ ብለው ወደ አርሲ ነገሌ ሄዱ። ስንለያይ «በየጠዋቱ አካም ቡልቴ የሚለኝ ማን ሊሆን ነው?» ብላቸው፣ ባርኔጣቸውን እንደ ልማዳቸው ጋደድ አድርገው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ በዓይነ ሥጋ አላየኋቸውም።

ከድር ውሃውን ጠጥቶ ጨርሶ ነበር። ግራሩ ሥር አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ እስኪበርድ፣ አቧራው እስኪቀመጥ፣ የእኔም ውስጥ እስኪረጋ ቆየሁ። ከዚያ አሟሟታቸውን ጠየቅኩት። በእርጅና ነው፣ አልጋቸው ላይ፣ በሰላም፣ አለኝ። ለቀብራቸው ብዙ ሰው ወጥቷል።

«ግን ይገርምሻል» አለኝ ከድር፣ «እንዲያ ያለ ባለሙያ ሰው ተብለው፣ ቤታቸው ሲፈተሽ አንድ መሣሪያ እንኳ አልተገኘም። እጃቸው ባዶ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት፤ እንባዬም ያኔ መጣ። ያን ባዶ እጅ አውቀዋለሁ። ክንዴን ይዞ የጎተተኝ እሱ ነው።